ሪቬት መምቻው አይመታም

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጠያቂው በርና መስኮት ይሠራል። አሁን ደግሞ ሁለት ሰው የምትይዝ የአልሙኒየም አውሮፕላን በገዛ እጁ ሊሠራ ተነስቷል። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ዋና ዋናውን ላስቀምጥ፦

«የሚገዛውን ዕቃ በአማርኛ መዘርዘር ጀመርኩ። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ትራፓኖ ያልኩትን መሰርሰሪያ፣ ሞርሳ ያልኩትን መያዣ፣ ሴጌቶ ያልኩትን መቁረጫ እያለ አረመው። የጣሊያን ቃል አማርኛ አይደለም ይለኛል። ሌላው፣ እኛ ቤት ሪቬት መምቻ የምንለው በእጅ የሚጨመቀውን ነው። ለአውሮፕላን የሚያስፈልገው ግን በአየር የሚሠራው ነው። ሁለቱን በምን ልለያቸው? መሳሪያ የሚለውስ በየትኛው ሰ ነው የሚጻፈው? አይሮፕላን ነው ወይስ አውሮፕላን?»

ወንድሜ፣ አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ መሆኑን ታውቃለህ።

ከሪቬት መምቻው እንጀምር፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ሪቬት ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዝ ራስ ያለው አጭር ችንካር ነው። ያ በእጅ የሚጨመቀው ዕቃ ምንም አይመታም። በሪቬቱ ሆድ ውስጥ ያለፈውን ሽቦ ይስባል። ሽቦው ሲሳብ ጫፉ ላይ ያለችው ድቡልቡል ራስ የሪቬቱን ጀርባ ታሳብጠዋለች። ከዚያ ሽቦው ቀጭ ብሎ ይበጠሳል። በቃ። ታዲያ መምቻ ያሰኘው ምንድን ነው? ጥፋተኛው መታ የሚለው ግስ ነው። አማርኛ ማኅተም ይመታል፣ ታይፕ ይመታል፣ ክራር ይመታል። ምስማር ስለሚመታ ሪቬትም ተመታ።

አንተ የምትፈልገው ግን የምር መዶሻ ነው። ከኮምፕሬሰር አየር እየተቀበለ ይወግራል። ከላሜራው ወዲያ ሌላ ሰው ብረት ደግፎ ይቆማል፤ ሪቬቱ በሁለቱ መሃል ይጨፈለቃል። ስለዚህ መምቻ የሚለውን ስም ለሚመታው መልስለት። የእጁን ሪቬት መሳቢያ በለው። መሳቢያ የቁምሳጥን መሳቢያ ነው የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ነው። ሪቬት የሚለው ከፊቱ ካለ ግን ማንም ካልሲ አይፈልግበትም። እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተህ «ሪቬት መሳቢያ» ብትል ሻጩ አፍጥጦ ያይሃል፤ እዚያ እንደ ሰው መምቻ በል፣ ምን ታደርገዋለህ። ዝርዝርህ ላይ ግን ለያቸው።

አሁን ወደ ጓደኛህ። እንደሱ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። አንድ በሙያው የተከበሩ ሰውም «የመሣሪያ ስም ማውጫ በእጃችን እያለ ምን ልንሆን እንዋሳለን» እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ስማቸውን አልጠራም። ማውጫው መ—ያ ነው፤ ከግሱ ፊት መ፣ ከኋላው ያ። መቁረጥ፣ መቁረጫ። መያዝ፣ መያዣ። ጥ ወደ ጫ፣ ዝ ወደ ዣ ላንቃዊ ሆነው ያ የሚለውን ውጠውታል። ደንቡ ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ይህ ስም ሥራውን እንጂ ዕቃውን አይነግርህም።

አንተ ራስህ የላሜራ መቀሶች ሦስት ናቸው ብለህ ጽፈሃል። እጀታው ቀይ የሆነው ወደ ግራ፣ አረንጓዴው ወደ ቀኝ፣ ቢጫው ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ሴጌቶው አራተኛ ነው። አራቱም መቁረጫ ናቸው። ላሜራውን በሁለት እጅህ ይዘህ «መቁረጫ አቀብለኝ» ብትለው ጓደኛህ የትኛውን ሊያቀብልህ ነው? መያዣም ያው ነው። ሞርሳ መያዣ ነው። ቀዳዳ ለቀዳዳ ገብታ ሁለት ላሜራ ለጊዜው የምታያይዘው ክሊኮም መያዣ ናት። ባንክ የምታስይዘው ቤትህም መያዣ ነው። ክሊኮን ክሊኮ ብለህ ተወው። ብርማዋ ለ3/32 ኢንች፣ የመዳብ ቀለም ያላት ለ1/8 ኢንች ቀዳዳ ናት ብለኸኛል። ውሎ አድሮ «ሃያ መዳብ አምጣ» መባባላችሁ አይቀርም። ከየትኛውም ኮሚቴ የተሻለ ስም የሚያወጣው እንዲህ ያለው ጥድፊያ ነው።

ትራፓኖ የጣሊያን ነው ለሚለው፣ ልክ ነው። ግን ጣሊያኑ ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪክ ትሪፓኖን ወሰደው። መብሻ ማለት ነው። የጥንት ሐኪም የራስ ቅል የሚበሳበት መሣሪያም በዚሁ ስም ተጠርቷል። ባለቤት ነው የተባለው ራሱ ተበዳሪ ነው ማለት ነው። ሞርሳ ደግሞ «ነከሰ» ከሚለው የላቲን ግስ ይወርዳል፤ ነካሽ እንደማለት። ያዘ ከሚለው ነከሰ የሚለው አይሻልም?

እኚያ ሰው ክፉኛ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሞረድንም ከሞርሳ ጋር አቆራኝተው «ይሄም የጣሊያን ነው» ይላሉ። አይደለም! ሞረድ በግዕዝ አለ። ዓረብኛው ሚብረድ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ዓረብኛ የሚያውቅ አይጠፋምና ጠይቅ፣ ሞረድ ነው የሚልህ። ሥሩ ብ-ር-ድ ነው። መነሻ መ ስትጨመርበት ብ ላልታ ው ሆነች፤ ው ደግሞ ከፊቷ ካለው ድምፅ ጋር ተዋህዳ ሞ ወጣች። ከንፈራውያን ድምፆች ሲገናኙ አንዱ ቦታ መልቀቁ ልማድ ነው። መንበር ወንበር፣ መስፌ ወስፌ የሆነው በ ወይም ፈ ባለበት ቃል መነሻው መ ወደ ወ ስለሸሸ ነው። ወናፍና ወንፊትም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ስፌት የሚሰፉት እናቶች የያዙት ወስፌ እንግዲህ ጥንታዊ የመሣሪያ ስም ነው፤ ማንም ግን ሲናገረው መ—ን አያስብም። ይህን ሁሉ አልጠየቅከኝም፤ አውቃለሁ።

ሁሉን ለጣሊያን መስጠትም ልክ አይደለም። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው የፈረንሳዮች ነበር፤ ለገሀርም ሹፌርም የፈረንሳይኛ ቅሪት ናቸው። ፈረንሳዩ ቡሎን ይላል፣ ጣሊያኑ ቡሎኔ። የእኛ ብሎን መጨረሻው ላይ አናባቢ የለውም። ከብሎኑ ሥር የምትገባው ሮንዴላ ግን አላት፤ ፈረንሳዩ ሮንዴል ነው የሚለው። ስለዚህ ብሎንን ለባቡሩ፣ ሮንዴላን ለጣሊያን እሰጣለሁ። አንድ አናባቢ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም የሚል ካለ ልክ ነው። የድሬው የባቡር ሰፈር፣ የከዚራ ልጅ ስለሆንኩ ለባቡሩ ባዳላ አይፈረድብኝም።

ድሪል የሚለውን አልወደውም። ትራፓኖ እያለ ድሪል ምን ያደርጋል? «አንዱን ብድር ከፈቀድክ ሌላውን ለምን ትከለክላለህ» ብትለኝ መልስ የለኝም። ጆሮዬ ነው እምቢ የሚለው። ወጣቶቹ ድሪል ነው የሚሉት፣ ሻጩም ድሪል ነው የሚለው፣ ካርቶኑም ላይ ድሪል ነው የተጻፈው። ይሁን። አንተ ግን የመጀመሪያ ዝርዝርህ ላይ ትራፓኖ ብለሃልና እባክህ አትሰርዘው። መሰርሰሪያም ክፉ ቃል አይደለም። ትራፓኖንና ጫፉ ላይ የሚገባውን ፑንታ ሳይለይ ለሁለቱም መሆኑ ነው ያስጠላኝ።

መ—ያ ጥሩ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ልንገርህ። የሪቬቱ ራስ ከላሜራው ጋር እኩል እንዲተኛ ቀዳዳው አፉ መስፋት አለበት። ወፍራም ብረት ሲሆን ይፋቃል። ስስ ሲሆን ቢፋቅ ያልቃል፤ ስለዚህ በወንድና ሴት ብረት መሃል ተጭኖ ይጎደጉዳል። አንተ ሁለቱንም ማጎድጎጃ ብለሃቸዋል። የመጀመሪያውን መቦርቦሪያ፣ ሁለተኛውን ማሰርጎጃ በላቸው። አንዱ ብረት ያነሳል፣ ሌላው ይጫናል። የሰረጎደ ጉንጭ እንላለን፣ የጉንጭ ስርጉድ እንላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ባለሙያዎችም ይህን ጉድጓድ የሚጠሩት በጉንጭ ስርጉድ ስም ነው። ከእነሱ ሳንወስድ ገጠመን። መቦርቦሪያው ላይ ግን ቁጥሩን አብረህ ጻፍ። የአውሮፕላን ሪቬት ራስ 100 ዲግሪ ነው፤ ሱቅ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ 82 ወይም 90 ነው። ቁጥሩ ከቀረ ስሙ ቢያምርም ሪቬቱ አይቀመጥም።

ያቺ ከጀርባ የምትደገፈው ብረትስ? አንተ «ብረቷ» ብለሃታል። እኔ የእጅ መስፍ እላታለሁ። መስፍ የቀጥቃጭ ቤት ቃል ነው፣ መዶሻው የሚያርፍበት። እዚህም ሥራው ያው ነው፤ ልዩነቱ መሬት ላይ አለመተከሉ ነው። የሪቬቱ እግር መስፍ ላይ ተጨፍልቆ ስፋቱ የውፍረቱን አንድ ተኩል፣ ከፍታው ግማሹን ሲሆን ይበቃል። ይህን የሚያየው መስፍ የያዘው ሰው ነው፤ መቺው ከወዲህ ሆኖ አያየውም። ስለዚህ ይጯጯሃሉ። ኮምፕሬሰር እየጮኸ «የሪቬት ጀርባ መደገፊያውን አንሳ» የሚል ማን ነው? «መስፍ!» ሲባል ግን ይሰማል። ጓደኛህ ብረቷ ማለቱን ካልተወ አልከራከርም። ከሁለት ወር በኋላ ብረቷ ራሷ ስም ሆና ታገኛታለህ።

መሣሪያን እኔ በንጉሡ ሠ ነው የምጽፈው። ማስረጃው ግን ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር አይደለም። ሠራ የመጣው ከሠርዐ ነው፣ ሥርዓት ከወጣበት፣ ይባላል። በሌላ በኩል ግዕዝ ደከመ፣ ለፋ የሚል ሰርሐ አለው፤ እሱ በእሳቱ ሰ ነው። ትግርኛ ሥራን ስራሕ ይላል፣ በሐ። ሠርዐ ቢሆን ኖሮ ዐ ነበር የምንጠብቀው። ይህን እያወቅኩ በሠ እጽፋለሁ፤ ሥራ በእሳቱ ሲጻፍ ዓይኔ ይጎረብጠዋል። አንተ በሰ ብትጽፍ ስህተት አልልህም። ይልቅ የዝርዝሩን ርዕስ ቀይር። «ከአዲስ አበባ የሚመጣ መሣሪያ» የሚል ወረቀት ይዘህ ኬላ ላይ ብትፈተሽ ማስረዳቱ ግማሽ ቀን ይፈጅብሃል። የእጅ ሥራ ዕቃ በለው።

የመጨረሻው አይሮፕላን ነው። በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ከጂቡቲ ተነስታ አዲስ አበባ ያረፈችው ፖቴዝ የፈረንሳይ ሥሪት ነበረች፤ ቃሉም ከጣሊያን ወረራ በፊት በፈረንሳይኛ በኩል ሳይገባ አልቀረም። በፈረንሳይኛም በጣሊያንኛም ው የለበትም። አየር ራሱ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ጥንታዊ ቃል ስለሆነ አይሮ— የሚለው ከዘመዱ ጋር ይቀራረባል። ውዋ ከየት መጣች? አውሮፓን የለመደ ጆሮ ያስገባት ይመስለኛል፤ ከግምት አላልፍም። ዛሬ ጋዜጣውም፣ ዜናውም፣ ልጁም አውሮፕላን ነው የሚለው። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገር የተሠራችው ፀሐይ በ2016 ከጣሊያን ስትመለስ እንኳ አይሮፕላን ያለ ጥቂት ሰው ነው። አንተም ደብዳቤህን የጀመርከው በአውሮፕላን ነው፤ አይሮፕላን ያልከው ስትጠይቀኝ ብቻ ነው። እንግዲህ በጀመርክበት ቀጥል።