ኩሬ የገባውን የቤት ኤሊ ፎቶ ማንሳት፦ ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ባሉ ኩሬዎች ከቤት ያመለጡ ወይም የተለቀቁ ቀይ ጆሮ ኤሊዎች (ከዓይናቸው ኋላ ቀይ መስመር ያላቸው) ይኖራሉ። የትውልድ ቦታቸው የሚሲሲፒ ተፋሰስ ነው። የጠፋባችሁን ኤሊ ለምትፈልጉም ሆነ ፎቶ ለማንሳት ብቻ ለምትወጡ መልሱ ይኸው።

ጥያቄ፦ በስንት ሰዓት ልሂድ?

መልስ፦ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር፣ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት። ሰውነቱን የሚያሞቀው ፀሐይ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ግንድ ላይ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ገና ስጠጋ ውሃ ውስጥ ይገባብኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእርምጃህ ንዝረት ይሰማዋል፣ እንቅስቃሴህንም ያያል። ከመውጣቱ በፊት ቦታ ይዘህ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ። ከገባም ተስፋ አትቁረጥ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀስ ብትጠብቅ ብዙ ጊዜ እዚያው ግንድ ላይ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሌንስና ማስተካከያውስ?

መልስ፦ ከ300 እስከ 400 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ሻተር (የመዝጊያው ፍጥነት) 1/500 ሴኮንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ፎከሱ በአንድ ነጥብ ዓይኑ ላይ። እርጥብ ቅርፊት ስለሚያብረቀርቅ ብሩህ ቦታው ዝርዝሩን አጥቶ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) በ0.7 ስቶፕ ቀንሱ፣ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው፤ ወይም እስኪደርቅ ታገሡ። ፖላራይዘር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ) ነጸብራቁን ይቀንሳል፣ ግን ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል። በስልክ ከሆነ ዲጂታል ዙሙን ተዉት፣ ዝርዝሩን ያጠፋዋል፤ የስልኩን ካሜራ የባይኖኩላር አንዱ ዓይን ላይ መግጠም ይሻላል።

ጥያቄ፦ የልጄ ኤሊ መሆኑን በምን ላውቅ? ቀይ መስመር አለው።

መልስ፦ እናቴ፣ ቀይ መስመሩ በዝርያው ሁሉ ስላለ እሱ ብቻ ማስረጃ አይሆንዎትም። የጭንቅላቱን ግራም ቀኝም ፎቶ ያንሱ፣ የመስመሮቹ አቀማመጥ ከኤሊ ኤሊ ይለያያል። ቀጥሎ የቅርፊቱን ጠርዝ፦ ስንጥቅና የተሸረፈ ቦታ ለዓመታት ይቆያል። ቀለሙን ግን አይመኑት። አልጌ ይሸፍነዋል፣ የላይኛው ሽፋንም ይላጣል፤ ያረጀ ወንድ ደግሞ ይጠቁርና ቀይ መስመሩ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ወንዱን በረጃጅም የፊት ጥፍሮቹ ይለዩታል። ከዚያ ቤት ሳለ ከተነሣው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ ከአካባቢው ኤሊዎችስ በምን ልለየው?

መልስ፦ ፔይንትድ የሚባለው የአካባቢው ኤሊ ከዓይኑ ኋላ ቢጫ ነጠብጣብ፣ በቅርፊቱ ጠርዝ ደግሞ ቀይ ምልክት አለው። ሌላው የአካባቢው ኤሊ፣ ቀይ ሆዱ ኩተር፣ ከጆሮው ጎን ቀይ የለውም።

ጥያቄ፦ ዳቦ ጥዬ ባቀርበውስ?

መልስ፦ እባክህ ተው። ሰው መቅረብ ከለመደ ማንም ያፍሰዋል፣ የተረፈው ዳቦም ውሃውን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ የእኛው ሆኖ ብንይዘውስ?

መልስ፦ ወደ ቤት ውሰዱት፣ ዳግም አትልቀቁት። ለጥቂት ሴኮንድ ገልብጣችሁ የሆዱን ቅርፊት ፎቶ አንሡ፤ ኤሊው ዳግም ቢያመልጥ የጥቁር ነጠብጣቡ ቅርጽ መለያ ይሆናል። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳልሞኔላ በሚባለው የአንጀት ሕመም አምጪ ጀርም ምክንያት አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ከልክላለች፤ ትልቁም ቢሆን ጀርሙን ሊይዝ ይችላል።