ቡፌው ሳይመጣ ሶኬቱ ይታይ

«የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። የቤት ዕቃችን ገና ከክፍለ ሀገር አልደረሰም። ፍራሽ፣ ፍሪጅና ምጣድ ብቻ ነው ያለን። ምጣዱን ሳሎን ሰክቼ ስጋግር፣ ትንሽ እንጀራ እንዳወጣሁ ብሬከሩ ይወርዳል። ስፒናውም በጣም ይግላል። ጎረቤቴ በትልቅ ብሬከር ቀይሪው አለችኝ። ልቀይረው?»

እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ብሬከሩን ግን እባክሽ እንዳትነኪው። እሱ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው።

የቤት ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይስባል። 3500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። የሶኬት መስመር ብዙ ጊዜ በ2.5 ስኩዌር (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ነው የሚሠራው። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን ጫፍ ያደርሰዋል። በዚያው መስመር ላይ ፍሪጁ ሲነሳ ያልፋል። ትልቅ ብሬከር ብታስገቢ መውረዱ ይቀራል፤ ሽቦው ግን ውስጥ ውስጡን እየጋለ ላስቲኩ ይቀልጣል። የቤት እሳት እንዲህ ነው የሚነሳው።

አወራረዱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ገና ስትሰኪው ጧ ብሎ ቢወርድ ሾርት ነው፤ ምጣዱን ወይም ገመዱን አስፈትሺ እልሽ ነበር። ያንቺ ግን ቆይቶ ነው የሚወርደው። ይህ ወይ ጭነት ነው፣ ወይ የላላ ቦታ አለ። ማታ ማታ ባይወርድም ተፈታ ብለሽ እንዳትዘናጊ። ማታ ሰው ሁሉ ሲጠቀም ቮልቴጁ ይቀንሳል። 220 የነበረው 190 ሲደርስ ያ 3500 ዋት ወደ 2600 ይወርዳል። ማታ ምጣዱ አልግል ቢልሽም ለዚህ ነው።

አሁን ስፒናውን እንየው። ምጣዱን አጥፊ፣ ብሬከሩን አውርጂ፣ ከዚያ ንቀይው። ሁለቱን የብረት እግሮች በደንብ ተመልከቺ። አንዱ ብቻ ጠቁሮ ወይም ዙሪያው ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ከሆነ፣ በዚያ በኩል ሶኬቱ ላልቷል፤ ይቀየር። ሁለቱም ንጹህ ሆነው ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ቀጭን ነው። ምጣድን በዲቫይደር መሰካት ጨርሶ አይሞከር።

ዘላቂው መፍትሔ ለምጣዱ የራሱን መስመር ማዘርጋት ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ ወጥ ቤት የሚደርስ 4 ስኩዌር ሽቦ፣ የራሱ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ያለው። ባለሙያው ከዋናው ብሬከርና ከቆጣሪው አቅም ጋር ያገናዝበው። ኧርዙን፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ፣ እንዳይዘለው አደራ። «ምጣዴ ይነዝረኛል» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሲታይ ኧርዙ የለም ወይም ተቆርጧል። እርጥብ እጅና ሊጥ ባለበት ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። መስመሩ እስኪዘረጋ እንጀራ ከሱቅ ግዢ፤ የግቢያችሁ የጋራ መጋገሪያ የሚሠራ ከሆነም እዚያ ጋግሪ።

ዕቃው አለመምጣቱ ደግሞ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ቡፌና ቁም ሳጥን ከቆሙ በኋላ ሶኬት መፈተሽ ማለት ቤት ማፍረስ ነው። ዛሬውኑ የስልክ ቻርጀር ይዘሽ በየሶኬቱ እየሰካሽ፣ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አውርጂ። የትኛው የትኛውን እንደሚያጠፋ ሳጥኑ በር ላይ ጻፊው። የሚንቀጫቀጥ ወይም የሚንጣጣ ሶኬት ካገኘሽ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ግድግዳዎቹንም ባዶ ሳሉ በስልክሽ አንሺያቸው። ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው የሚሄደው። የመጋረጃ ብረት የሚሰቅለው ልጅ ድሪል ይዞ ሲመጣ ፎቶውን አሳዪው።

ሠራተኛው ሲጨርስ ቶሎ ሂሳብ አትዝጊ። ምጣዱ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጋግሪ፣ ከዚያ የስፒናውን ፕላስቲክ በደረቅ እጅ ዳሺው። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጅ የማያስይዝ ከሆነ ግን ሠራተኛው ብሬከሩን አውርዶ ሶኬቱን ይክፈት፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ያጥብቅና እንደገና ጋግራችሁ እዩት።