ወንዙን መቼ ለካችሁት?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ኢንጂነር በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ወሎ ቆላ ውስጥ ለአነስተኛ መስኖ ጥናት ተመድባለች። «ጋሼ፣ ጅረቱን በኅዳር ለክተነዋል፤ በሰከንድ 40 ሊትር ነው። 40 ሄክታር ብለን ብንጽፍ ችግር አለው?» ትላለች። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቡናዬ እዚያው ቀዘቀዘ። የረበሸኝ «ኅዳር» የሚለው ቃል ነው።

በ1990 እኔም እንደሷ ነበርኩ። ከአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከወጣሁ ገና ጥቂት ዓመቴ ነው። ሀብሩ ቆላ ያለች አንዲት ጅረት እንዳጠና ተላክሁ፤ ስሟን ልተወው። የጥቅምት መጨረሻ ነው። ማሽላው አሽቷል፤ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ያን ዓመት ደግሞ ዝናቡ ጥቅምትም ላይ አልተው ብሎ ነበር። ጅረቷ ጥርት ብላ ትወርዳለች። 10 ሜትር በገመድ ለካሁ፣ የብርቱካን ልጣጭ ውሃው ላይ ጣልኩ፣ በእጅ ሰዓቴ ያዝኩ። ስፋት፣ ጥልቀት፣ ፍጥነት። በሰከንድ 60 ሊትር ገደማ መጣልኝ። ለአንድ ሄክታር በሰከንድ 1 ሊትር የምትለዋን የክፍል ሒሳብ ያዝኩና 60 ሄክታር ብዬ ጻፍኩ።

የውሃ አባቱ አጠገቤ ቆመው ያያሉ። ውሃ በተራ የሚያካፍሉት፣ ሰዉን ለቦይ ጠረጋ የሚጠሩት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ሰዉ «ሸኹ» ነው የሚላቸው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የክረምቱ እንግዳ ነው» አሉኝ። «ባለቤቱን ማየት ከፈለግህ በመጋቢት ና።»

ሳቅሁ። አባባሉ ደስ ስላለኝ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሒሳቡን ግን አልነካሁትም።

ለምን በመጋቢት አልሄድኩም? በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥናቱ በታኅሣሥ ካልገባ ግንባታው ለዚያ ዓመት አይደርስም። አለቃዬ ቸኩሏል። እኔም የሠራሁትን ግድብ ለማየት ቸኩያለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛው ይበልጥ ነበር።

ግድቡ ተሠራ። በሬ ታረደ፣ ፎቶ ተነሳን። በበጋው ስሙ የተመዘገበ ገበሬ ሁሉ ሽንኩርት ተከለ። ከዚያ የ1991 በልግ ወሎ ላይ ቀረ። በየካቲት መጨረሻ ስሄድ ያንኑ 10 ሜትር ለካሁ። 11 ሊትር።

11 ሊትሩንም ከቦዩ ራስ ያሉት ይዘውታል። ቦዩን ይዤ ወደ ጭራው ወረድኩ። መጀመሪያ እርጥብ ነው፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ የተሰነጠቀ አፈር። መጨረሻው ላይ አንዲት ሴት አገኘሁ። መሬቷ አንድ ጥማድ ነው። ለዘሩ ሁለት ፍየል ሸጣለች። ሽንኩርቱ ሥሩ ማበጥ ሲጀምር ነው ውሃው የቀረባት። ከሩቅ ጉድጓድ በቢጫ ጀሪካን ትቀዳና በጣሳ በጣሳ ከየሥሩ ታፈሳለች።

በዚያ ሙቀት ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ለአንድ ሄክታር 50 ሜትር ኩብ ነው። ጥማዱ ሩብ ሄክታር ስለሆነ 12.5። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 625 ጊዜ ማለት ነው፤ በየቀኑ። ይህን ሒሳብ የሠራሁት እዚያው ቆሜ ነው። ቢሮ ሆኜ መሥራት ነበረብኝ።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ጭቃ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል። ና ቡና ጠጥተህ ሂድ» አለችኝ። ጠጣሁ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን። የቡናው ውሃ ከዚያው ጀሪካን ነው።

እናቴ ትዝ አለችኝ። በ1977 እኛ እየራበን ለዘር ያስቀመጠችውን ማሽላ እንስራ ውስጥ ደብቃ አልነካም አለች። ያኔ ጨካኝ መስላኝ ነበር።

የግድቡም ነገር አላማረም። በሁለተኛው ክረምት ደለል ሞላው። የሸኹ የጥንት የውሃ መጥለፊያ ከእሾህና ከድንጋይ ነው፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ይፈርሳል። እኛ ድህነት ነበር የመሰለን። ሲፈርስ ግን ደለሉም አብሮት ይሄዳል፣ እነሱም በሁለት ቀን መልሰው ያቆሙታል። እኛ ያቆምነው የማይፈርስ ነገር ነው፤ ደለሉም አልሄደም።

እንደሷ ላላችሁ ወጣት ኢንጂነሮች የአፈር ምርመራ፣ የገበያ ጥናት ምናምን አልነግራችሁም፤ ተምራችሁታል። ይልቅ በየካቲትና በመጋቢት ለኩ። ወሎ ሁለት ዝናብ ስላለው አያዘናጋችሁ፤ በልጉ የቀረ ዓመት ውሃ በጣም የሚፈለገው ጅረቱ በጣም ባነሰበት ሰዓት ነው። የክፍሏ 1 ሊትርም ሌሊትና ቀን ከፈሰሰች በ24 ሰዓት 86 ሜትር ኩብ ትሆናለች፤ በአፈር ቦይ ግን ብዙው መንገድ ላይ ይሰርጋል። ሌሊት ተነስቶ ውሃ የሚመራው ማን እንደሆነም ጠይቁ። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከሌለ ቀኑን ብቻ አስቡ።

የዘመኑ ልጆች ከመኪና አትወርዱም፣ ይሄ ያናድደኛል። ክሮፕዋት የሚባለው የሰብል ውሃ ማስሊያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ቁጥር ትከታላችሁ፣ መልስ ይወጣል፣ አለቀ። እኛ በእግራችን ነበር የምንሄደው። መኪና ስላልነበረን ነው እንጂ እኛም ባልወረድን ነበር። ደግሞስ በእግሬ ሄጄ ምን አመጣሁ? ያን ጊዜ ያ ፕሮግራም በእጄ ቢኖር፣ ቢያንስ የየካቲትን ወር አስገባ ይለኝ ነበር።

ስለ ኩሬም ትጠይቁኛላችሁ። በ1995 እና 96 ዓ.ም. በየጓሮው ኩሬ ቆፍሩ ሲባል እኔ ተቃዋሚ ነበርኩ። ሸራው ይቀደዳል፣ ወባ ያመጣል፣ ከብትና ልጅ ይገባበታል። 60 ሜትር ኩብ የያዘ ኩሬ ደግሞ ለአንድ ጥማድ አምስት ቀን አይሞላም። አሁንም አልወደውም። ወንድሜ ጓሮ ግን አንድ አለ፤ ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ለጥማድ ሳይሆን ለሁለት መደብ ችግኝና ለአሥር የፓፓያ እግር ነው፣ ዙሪያው ታጥሯል።

ለልጅቷ መልስ ጻፍኩላት። «እስከ መጋቢት ጠብቂና ደግመሽ ለኪው። የቦዩ ጭራ ላይ የማን መሬት እንዳለም ስማቸውን ጽፈሽ ላኪልኝ» አልኳት።

ወዲያው መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ጥናቱ በዚህ ወር ካልገባ በጀቱ ይመለሳል እኮ። ምን ላድርግ?»

ሦስት ቀን ሆነኝ። እየጻፍኩ አጠፋለሁ።