ብልጭታ ስታዩ ምንጩን ጠይቁ

ውድ የሰሜን ሸዋ ወጣቶች፣

ይህን ከደብረ ብርሃን የምጽፍላችሁ በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ወደ ሙያው የምትገቡም ሆናችሁ በቤታችሁ ሶኬት ብቻ የምትነኩ፣ ብልጭታ ባያችሁ ቁጥር የሚበራው ብረት ነው ወይስ አየር ብላችሁ እንድትጠይቁ እወዳለሁ።

በብረታ ብረት ቤት ከመቁረጫው ዲስክ የሚፈናጠረው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ዲስኩ የፋቀው ቅንጣት በሰበቃ ይግላል፤ እጅግ ደቃቅ በመሆኑም ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ በአየር ላይ ይነዳል። በባልጩትና በብረት እሳት ይለኩሱ የነበሩ አባቶቻችንም ያነደዱት ባልጩቱ የፋቀውን ብረት እንጂ ድንጋዩን አልነበረም።

ሁለተኛው አየሩ ራሱ የሚበራበት ነው። አየር እንደ ወትሮው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በባሕር ወለል ግፊት ግን በአንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ላይ የቮልቴጁ ልዩነት ወደ 30,000 ቮልት ሲደርስ ይሸነፍና ለቅጽበት መተላለፊያ ይሆናል። በጥር ብርድ ከፖሊስተር ሸሚዝ ላይ የሱፍ ሹራብ ስታወልቁ የሚንጣጣው ይኸው ነው፤ ሱፉ ለፖሊስተሩ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ የበጋችን ደረቅ አየርም የተጠራቀመውን ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ቶሎ አያፈሰውም። ቮልቴጁ በሺህ ቢቆጠርም የተጠራቀመው ሙል እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከማስደንገጥ አያልፍም።

የእኛ ሙያ ዋና ጉዳይ ግን የማብሪያና የሶኬት ብልጭታ ነው። ሁለት የመዳብ ጫፎች ሲለያዩ ኮረንቲው በመጨረሻዋ ጠባብ መነካኪያ ይጨናነቃል፤ መዳቡ እዚያው ይቀልጣል፣ ይተናል፣ በክፍተቱም ብልጭታ ይዘረጋል። የመስመሩ ኮረንቲ 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ደርሶ መልስ አቅጣጫውን ስለሚቀያይር፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ያልፋል፤ ስለዚህ ብልጭታው ቶሎ ይሞታል፣ አንዴ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ማብሪያም አያሳስብም። በመንዝም ሆነ በአንኮበር ገጠር ሶላር የምትዘረጉ ግን ልብ በሉ፤ የፓኔልና የባትሪ ኮረንቲ ዜሮን አያልፍምና፣ ለቤት መስመር የተሠራ ማብሪያ ብዙ ፓኔሎች በተከታታይ በተያያዙበት መስመር ላይ ሲገባ ብልጭታው ሳይቋረጥ ሊነድና ማብሪያውን ሊያቀልጠው ይችላል። ለዲሲ (አቅጣጫውን ለማይቀያይር ኮረንቲ) የተሠራውን ግዙ፤ ዋጋው ቢወደድም በዚህ ላይ መቆጠብን ቁጠባ አልለውም።

ከሁሉ የምፈራው ሰው የለመደውን ብልጭታ ነው። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነና በመነካኪያው ላይ የአንድ ኦም ሩብ ተቃውሞ (የኮረንቲ እንቅፋት) ብቻ ቢፈጠር፣ በዚያች ነጥብ ላይ የ60 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ይጠራቀማል። ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ የሶኬቱ ምላስ መያዝ ያቅተዋል፣ ሲላላም ተቃውሞው ይበልጥ ይጨምራል። ብሬከሩ የሚቆጣጠረው የኮረንቲውን ብዛት ነው፤ የላላ ግንኙነት ደግሞ ኮረንቲውን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውምና ብሬከሩ ዝም ይላል። ስለዚህ የሚንጣጣ፣ የሚሸት ወይም የጠቆረ ሶኬት ስታዩ ዋናውን ማጥፊያ አጥፍታችሁ ሶኬቱንም ስፒናውንም ለውጡ፤ ብሎኑን ማጥበቅ የተቃጠለ መዳብን አያድስም። ምጣድንም በማከፋፈያ ገመድ አትሰኩ።

ቤንዚንና ጋዝ ባለበት ስፍራ ይህ ሁሉ ልዩነት ዋጋ ያጣል፤ የቤንዚን ትነት ከአንድ ሚሊጁል ባነሰ ጉልበት ይቀጣጠላልና የሹራባችሁ ብልጭታ እንኳ ይበቃዋል። ቤንዚን ስትቀዱ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጡት እንጂ መኪና ላይ እንደ ተጫነ አትሙሉት። ቤት ውስጥ ጋዝ ከሸተታችሁ ማብሪያውን ለማብራትም ለማጥፋትም አትንኩት፤ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮቱን ክፈቱ፣ ስልክ መደወል ካስፈለጋችሁም ከግቢው ወጥታችሁ ደውሉ።