የመኖሪያ ቦታ ለተያያዥ ቤቶች ሲለወጥ፦ ከባሕር ዳር ነዋሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለብቻቸው ለሚቆሙ መኖሪያ ቤቶች ተከልሎ የቆየ ቦታ ለተያያዥ ቤቶች፣ በተለምዶ ታውንሃውስ ለምንላቸው፣ እንዲውል ሐሳብ ሲቀርብ ነዋሪው በምክር ቤት ፊት ለውይይት ይጠራል። ሙያዬ የከተማ ፕላን በመሆኑ ከእንዲህ ዓይነት ውይይት በፊት የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ። የሠፈር ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ ጉዳዩ ሽምብጥ ላለውም ዘንዘልማ ላለውም አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ከሆነ እኛን መጥራት ለምን አስፈለገ? ውይይቱ የሕግ ግዴታ ነው ወይስ ለይስሙላ?

የሕግ ግዴታ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። ለይስሙላ የሚደረግ ስብሰባ የለም ብል ግን እዋሻለሁ፤ የመክፈቻ ንግግሩ የጊዜውን እኩሌታ በልቶ፣ የታሸገ ውኃ ታድሎ፣ ሦስት ሰው ተናግሮ የሚበተን ስብሰባ ሁላችንም እናውቃለን።

ስብሰባው እንዲህ እንዳያልቅ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ የሚለወጠው የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ነው ወይስ የአንድ ሠፈር የአካባቢ ልማት ፕላን የሚለው ነው። መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚያገለግልና የከተማውን ዋና ዋና መንገድ፣ የመሬት አጠቃቀምና የዕድገት አቅጣጫ የሚወስን ሰነድ ሲሆን፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ በዚያ ጥላ ሥር ሆኖ የሕንጻውን ከፍታ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን ስፋትና የሽንሸናውን መጠን በዝርዝር ያስቀምጣል። ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይም መኖሪያ ሆኖ ከቀጠለ የሚያከራክረው ጥግግቱ፣ ማለትም በአንድ ቦታ ላይ የሚሰፍረው የቤትና የሰው ብዛት፣ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ «መኖሪያችንን ነጠቁን» የሚል ተናጋሪ ክርክሩን ገና ሳይጀምር ይሸነፋል።

ጥያቄ፦ ታውንሃውስ ከኮንዶሚኒየም በምን ይለያል?

በዓይን ሲታዩ ልዩነታቸው ግልጽ ነው። ኮንዶሚኒየም ወደ ላይ ይደራረባል፤ ታውንሃውስ ግን ወደ ጎን ተሰልፎ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የመንገድ በር፣ የራሱ ደረጃና ብዙ ጊዜም ትንሽ የጓሮ ቦታ ኖሮት፣ ግድግዳውን ከጎረቤቱ ጋር ይጋራል። በሕግ ግን ሁለቱ ከሚመስለው በላይ ይቀራረባሉ። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንጻ የሚለው በተናጠል የሚያዙ አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንጻ ሲሆን፣ ቤቶቹ ወደ ላይ ቢሠሩም ወደ ጎን ቢደረደሩም ትርጉሙ ያቅፋቸዋል። ስለዚህ ስምንት ተያያዥ ቤቶች አንድ መግቢያ፣ አንድ የፍሳሽ ጉድጓድና አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ከተጋሩ የጋራ ሕንጻ ጣጣው ሁሉ፣ ማኅበር መመሥረቱም መዋጮውም፣ ሊከተላቸው ይችላል።

ቤቶቹ አራት ብቻ ከሆኑ ከዚህ አዋጅ ውጭ ስለሚቀሩ፣ ስለ ጋራ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው ውኃ መውረጃ በጽሑፍ ሳይዋዋሉ መግባት ነገ ለሽማግሌና ለፍርድ ቤት ሥራ መፍጠር ነው።

ጥያቄ፦ የእናቴ ቤት ነባር ይዞታ ነው። ፕላኑ ሲለወጥ ሊዝ ክፈሉ እንባላለን?

ፕላኑ በመለወጡ ብቻ አትባሉም። ነባር ይዞታ የሚባለው ከሊዝ ሥርዓት በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ ከሚገባባቸው መንገዶች ዋናው በውርስ ካልሆነ በቀር ለሦስተኛ ወገን መተላለፉ ነው። እናትዎ በቤታቸው እስከኖሩ፣ ከእሳቸውም በኋላ ለልጆቻቸው በውርስ እስካለፈ ድረስ፣ በፕላኑ ካርታ ላይ የቦታው ቀለም ስለተለወጠ ብቻ ሊዝ አይመጣም።

ሆኖም ብዙ ሰው የማያየው ሌላ በር አለ፤ ታውንሃውስን በተመለከተ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ተያያዥ ቤት ለመሥራት አንድ ጠባብ ቦታ ስለማይበቃ ባለሀብቱ ጎን ለጎን ያሉ ይዞታዎችን አንድ ላይ መቀላቀል ይፈልጋል። በዚያው አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ በሊዝ ከተያዘ ቦታ ጋር እንዲቀላቀል ከተፈቀደ ጠቅላላው ይዞታ በሊዝ ሥሪት ይተዳደራል። «ቦታችንን እናጋጥምና አብረን እንሥራ» የሚል ጎረቤት ሲመጣ፣ እናትዎ ማንኛውም ወረቀት ላይ ከመፈረማቸው በፊት የጎረቤትየው ካርታ ነባር ይሁን ሊዝ በዓይንዎ ይዩ። የመኖሪያ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው ተብሎ ሊነገርዎ ይችላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን የዘመኑ ርዝመት የክፍያውን ግዴታ አያስቀረውም።

ጥያቄ፦ ካልሠራን ያስነሱናል?

አጠቃቀሙ መለወጡና ይዞታ ማስለቀቁ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፕላኑ ቢለወጥም የቆመ ቤትዎ እንደቆመ ሊቀጥል ይችላል፤ አዲሱ ደንብ የሚይዝዎ አፍርሰው ወይም ጨምረው ሊገነቡ ሲሉ ነው። ቦታው ለመልሶ ማልማት ከተፈለገ ግን መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይሠራል። ይህ አዋጅ ባለይዞታዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ልማቱ እንዲመክሩበት ይጠይቃል፤ በተናጠልም ሆነ ተደራጅተው በፕላኑ መሠረት ራሳቸው እንዲያለሙም የቅድሚያ መብት ይሰጣቸዋል። በስብሰባው ላይ መጠየቅ የሚገባው የዚህ መብት አፈጻጸም ነው፦ ተደራጅታችሁ ለመሥራት ስንት ጊዜ ይሰጣችኋል፣ የአቅም ማረጋገጫውስ ምንድን ነው? መልሱ «ወደፊት በመመሪያ ይወሰናል» ከሆነ ያው መልስ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

ጥያቄ፦ የሠፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣ። ሰው ሲጨመር ምን ልንሆን ነው?

ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ከውኃውም ይልቅ ውኃው ከቤት ከወጣ በኋላ የሚሆነው ያስጨንቀኛል።

በቁጥር እንየው። ባለ 200 ካሬ አራት ቦታዎች ጎን ለጎን አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር ነው። ዛሬ አራት ቤተሰብ ይኖርባቸዋል። የ5 ሜትር ፊት ያላቸው ተያያዥ ቤቶች ቢሠሩባቸው ስምንት ቤተሰብ ይገባል። በየቤቱ አምስት ሰው ቢኖር፣ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለእንደ ባሕር ዳር ያለ ከተማ በተቀመጠው በሰው 80 ሊትር ስሌት የቀን ፍጆታው ከ1,600 ሊትር ወደ 3,200 ሊትር ያድጋል። ከዚህ ውስጥ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል ብንል፣ በየቀኑ ከ2,500 ሊትር በላይ ፍሳሽ በ800 ካሬ መሬት ላይ መውጫ ይፈልጋል ማለት ነው።

ባሕር ዳር ቤቶቿን ሁሉ የሚያገናኝ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ የምንኖረው በየጊቢያችን በቆፈርነው ጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ነው። የሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ ደግሞ ወደ አፈር መስረግ አለበት። በሐይቁ ዳርቻና በዝቅተኛ ሠፈሮች ነሐሴ ላይ መሠረት ያስቆፈረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጥቂት እንደቆፈሩ ጉድጓዱ ከሥሩ ውኃ ያቀራል፤ ሠራተኛው በባልዲ ሲቀዳ ይውላል፣ በማግሥቱ ያው ነው። በዚያ ወቅት ከሴፕቲክ ታንኩ የሚወጣው የሚሰርግበት ደረቅ አፈር ስለማያገኝ ወደ ላይ ይመለሳል ወይም ወደ መንገዱ ዲች ይሾልካል፤ ዲቹ የሚወርደው ደግሞ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ቢጠራ፣ ከላይ ያሰላነው ፍሳሽ በአራት ቀን ገደማ መልሶ ይሞላዋል። ይህን ወጪ የሚችል ቤተሰብ አላውቅም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ተያያዥ ቤት ይሠራ፤ ነገር ግን ፈቃዱ ከጋራ የፍሳሽ ማጣሪያ ጋር ይታሰር። ስምንት ቤቶች ተጋርተው አንድ በአግባቡ የተሠራ ማጣሪያ ማቆም፣ ስምንት ጉድጓድ ከመቆፈር ይሻላል፤ ለዚህ ደግሞ ተያያዥ ቤት ከተበታተነ ቪላ ይልቅ ይመቻል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እምቦጭም እንደ ፍሳሽ ያለ ንጥረ ነገር በበዛበት ውኃ ይፋፋል። ምክር ቤቱ ፊት «ጥግግት አንፈልግም» ከሚል ይልቅ «ማጣሪያው መቼ፣ በማን ወጪ፣ በማን ተቆጣጣሪነት ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ሳይሰጡት ማለፍ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የከተማችን ውበት አይጠፋም?

የባሕር ዳር ውበት ከጎዳናዎቿ ስፋት፣ ከዘንባባዎቿና እስከ ሐይቁ ከሚዘልቀው ዕይታ የመጣ ነው። ይህን አጥንት የሰጣት በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ያዘጋጁት ፕላን ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ሰፋፊ ጎዳናዎቿ እሱን ይመሰክራሉ። በአንጻሩ ለብቻቸው የቆሙት ቪላዎቻችን ከረጅም የግንብ አጥር ኋላ ተደብቀው ለመንገደኛ የሚያሳዩት የብረት በር ብቻ ነው። በ10 ሜትር ፊት ላይ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር ተለቅቆ ባዶ የሚቀረው አራት ሜትርም የአሮጌ ቆርቆሮና የጀሪካን ማከማቻ ከመሆን አልፎ አያውቅም። በረንዳው ወደ መንገድ የሚያይ ተያያዥ ቤት ጎዳናውን ያሞቀዋል፤ ውበትን የሚያጠፋው የሐይቁን ዳርቻ በግድግዳ መዝጋት ነው። በዚያ ላይ ብትከራከሩ እኔም ከጎናችሁ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከጎኔ ረጅም ግድግዳ ቢቆምብኝ ብርሃኔን አይወስደውም?

ሊወስደው ይችላል። መፍትሔው የከፍታው ወሰን በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ በቁጥር እንዲጻፍ መጠየቅ ነው፤ «መካከለኛ ከፍታ» የሚል ቃል ማንንም አያስርም። በሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ምደባ ጂ ፕላስ አንድና ጂ ፕላስ ሁለት መኖሪያ በአብዛኛው ምድብ «ለ» ውስጥ ሲወድቅ፣ ከ12 ሜትር ከፍታ ያለፈ ሕንጻ ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባል። ስለዚህ 12 ሜትርን የበላይ ወሰን አድርጋችሁ ብትጠይቁ ሕጉ ራሱ ካሰመረው መስመር ላይ ቆማችሁ ትከራከራላችሁ።

ጥያቄ፦ ቤት ይረክሳል ማለት ነው?

በዚህ ብቻ አይረክስም። በአንድ ቤት ላይ የሚያርፈው የመሬት ድርሻ ይቀንሳል፤ ጥቅሙ ለገዢ ይድረስ ወይስ ለሻጭ የሚወሰነው ግን ቦታውን ማን እንደያዘው ነው። የቤት ማኅበራት ከሠሩት ተስፋ አለ፤ አንድ አልሚ ጠቅልሎ ከያዘው ብዙም አልጠብቅም።

ጥያቄ፦ እኔ ከከተማው ዳር የማርስ ገበሬ ነኝ። ይህ የከተማ ሰው ጉዳይ እኔን ምን አገባኝ?

ወንድሜ፣ ከሁላችን ይልቅ የሚያገባዎ እርስዎን ነው። ስምንት ቤተሰብ በ800 ካሬ ካልኖረ 1,600 ካሬ ይፈልጋል፤ ያ ተጨማሪ 800 ካሬ የሚመጣው እንደ ዘንዘልማ፣ ወራሚትና ሰባታሚት ካሉት የከተማ ዳር ማሳዎች ነው። ተያያዥ ቤትን የምደግፍበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ካሳ ይከፈላል፤ ነገር ግን የካሳ ብር ያለቀባቸውና በቀድሞ ማሳቸው ላይ በዘበኝነት የተቀጠሩ ሰዎች አሉ። በውይይቱ የሚጠሩት የሠፈሩ ነዋሪዎች ብቻ ቢሆኑም፣ የከተማው መስፋፋት እርስዎንም እንደሚነካ ጠቅሰው የመናገር ዕድል እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በሥራ ምክንያት ጎንደር ነኝ፤ በውይይቱ ቀን መምጣት አልችልም።

አስተያየትዎን በጽሑፍ ያስገቡ። ስምዎን፣ የካርታ ቁጥርዎንና የሚቃወሙትን ወይም የሚጠይቁትን ነጥብ በአንድ ገጽ አሳጥረው፣ ፕላኑን ላቀረበው መሥሪያ ቤት በግልባጭም ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ያድርሱ። የሚያደርስልዎ ሰው ሁለት ቅጂ ይዞ ይሂድ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥቶ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያስመታ አይመለስ፤ በኋላ አቤቱታ ለማቅረብ ቢገደዱ አስተያየትዎን በወቅቱ ማስገባትዎን የሚያስረዳልዎ ያ ቅጂ ነው።