ጡቴን ለማስተካከል ኢስታንቡል ልሂድ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች ወልጄ አጥብቻለሁ። ትንሿን ጡት ካስጣልኳት 3 ወር ሆነኝ። ጡቴ ወርዶ ባዶ ከረጢት መስሏል። ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ያለው ደላላ ኢስታንቡል ወስዶ ሲሊኮን ሊያስገባልኝ፣ በ4 ቀን ጨርሼ ልመለስ እንደምችል ነገረኝ። ፎቶዬን በቴሌግራም ልኬ «ይሆንልሻል» ተብያለሁ። ልሂድ?
(አንባቢ፣ ከለገሃር)

መልስ፦ እህቴ፣ አገሩ ይቆየን። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎት ቀዶ ጥገና የቱ ነው? ይህ ደግሞ በፎቶ አይወሰንም።

ጡት ማስያዣዎን አውልቀው መስታወት ፊት ይቁሙ። የጡትዎ ጫፍ ከጡት ስር ካለው እጥፋት በላይ ከሆነና ጡቱ ብቻ ከጎደለ፣ ሲሊኮን ሊበቃ ይችላል። ጫፉ ከእጥፋቱ በታች ከወረደ ግን ሲሊኮን ብቻውን አያነሳውም። ክብደቱ ጭራሽ ሊጎትተው ይችላል። ያኔ የሚሠራው የተረፈውን ቆዳ ቆርጦ ጫፉን ወደ ላይ መመለስ ነው፤ አንዳንዴ ከሲሊኮን ጋር፣ አንዳንዴ ያለ ሲሊኮን። በነገራችን ላይ በማጥባትዎ አይቆጩ። ጡትን በዋናነት የሚያወርደው እርግዝናው፣ ዕድሜና የክብደት መዋዠቅ ነው።

ማንሳቱ በጫፉ ዙሪያና ቁልቁል ጠባሳ ይተዋል። ጆሮዎን ሲበሱ ያበጠ ጠባሳ ወጥቶብዎት ከነበረ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። ኬሎይድ (እንዲህ ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) ደረት ላይ መውጣት ይወዳል።

ሲሊኮን ዕድሜ ልክ አይቆይም። ሰውነት በዙሪያው የሚሠራው ሽፋን ጠንክሮ ጡቱን ሊያጣምም ይችላል። ሲቀደድም ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ5 ወይም በ6 ዓመቱ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ እንዲታይ የሚመክረው። ይህን ወጪ ደላላው አልቆጠረልዎትም። እ.ኤ.አ. በ2019 አለርጋን የተባለው አምራች ሸካራ ገጽ ያላቸውን ባዮሴል የተባሉ የጡት ሲሊኮኖቹን ከዓለም ገበያ የሰበሰበው ከአንድ ብርቅ የሊምፍ ካንሰር ጋር በመያያዛቸው ነው። የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን የያዘውን ካርድ ሳይቀበሉ ከሆስፒታሉ እንዳይወጡ።

ደላላው 4 ቀን ወዳለው ልመለስ። ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይሞላ አይበረርም። ቁጭ ብሎ ረጅም መብረር እግር ላይ ደም ያረጋል፤ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ከወሰዱ ወይም ካጨሱ ይብሳል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የተመለሱ ለት ነው። ከሳምንታት በኋላ ብቅ የሚሉ፣ በተለመደው አንቲባዮቲክ የማይድኑ ጀርሞች አሉ። ቁስሉ መግል ቢይዝ ኢስታንቡል ያለው ሐኪም በቴሌግራም አይከፍተውም። የሚከፍተው እዚህ ያለ፣ ምን እንደተሠራልዎት የማያውቅ ሐኪም ነው።

ስለዚህ ቀብድ ሳይከፍሉ እዚሁ አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ይዩዎት። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ሲባል ቃጠሎ ብቻ አይታይዎት፤ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞችም አሉት። ጡትዎ በአልትራሳውንድ ይታይ። ሲመለሱ ማን እንደሚከታተልዎት ከወዲሁ ይነጋገሩ።

ደግሞም አልረፈደም፤ ጡት ካስጣሉ ገና 3 ወርዎ ነው። 6 ወር እስኪሞላ ቅርጹ ራሱ ይለወጣል። ሦስተኛ ልጅ ካሰቡ ግን ከወለዱና ካጠቡ በኋላ ይሁን። እርግዝና የተሠራውን መልሶ ያወርደዋል።