ውድድሩ ላይ ለማይወጣው ልጅ

አሰላሙ ዓለይኩም ልጆቼ። ሰሞኑን ከእናንተው አንዱ፣ በሰፈሩ መስጂድ ልጆች የሚያስቀራ ኡስታዝ፣ «ጋሼ፣ ለረመዳን የቁርአን ውድድር ምን ሽልማት እንግዛ?» አለኝ። ታብሌት አስቧል። እኔ ግን አንድ የድሮ ልጅ ትዝ አለኝ።

ድሬዳዋ፣ መጋላ አካባቢ ነው። ያኔ የመስጂዱ ኢፍጣር ከየቤቱ በሰሃን ይመጣ ነበር፤ የሚያመጡት ልጆች ናቸው። ያ ልጅ የቁርአኑን የመጨረሻ ክፍል፣ ጁዝ አማን እንኳ መጨረስ አቅቶት ነበር። አጫጭሮቹ ሱራዎች ይምታቱበታል። ውሃው ግን የሱ ነው። ከዐስር (ከቀትር በኋላ ካለው) ሶላት በኋላ ጀሪካኖቹን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልላል፤ በዚያ ሙቀት መግሪብ ሲደርስ ውሃው ቀዝቅዟል። የትኛው አባት ስኳር እንዳለባቸው ያውቃል። አዛን ሊል ሲል መንገደኛ ካየ ጎትቶ ያስገባል። ሽማግሌዎቹ በስሙ ይጠሩት ጀመር። ማንም ሳይቆጣው ሶላት አያመልጠውም ነበር።

ከዚያ እኔ ለማስተማር ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ስመለስ ለኢፍጣሩ ገንዘብ ተገኝቷል። ምግቡ በትልቅ ድስት ይሠራል፤ የሚያድሉት የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ተደርድረው ይበላሉ። ያ ልጅ የለም። ስጠይቅ፣ «እሱ? ድሮም ቂርአት አይሆንለትም» አሉኝ። በኋላ አንድ በረንዳ ላይ ከቃሚዎች ጋር አየሁት። ሰላም አለኝና ቶሎ ፊቱን አዞረ። ማንም አላባረረውም እኮ! የሚሠራው ነገር ነው ያጣው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናቴ ሐረሪ ነበረች፤ ለሸዋል ኢድ ሐረር፣ በግንብ ወደታጠረው አሮጌ ከተማ ጁገል ትወስደን ነበር። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ተጹሞ ሲያልቅ የሚከበረው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ስለ በዓሉ ቁጭ አድርጎ ያስተማረን የለም። ከትልልቆቹ ጉልበት ሥር እያንቀላፋን ነው ዚክሩን የለመድነው።

እናንተ ግን፣ አቦ፣ ልጅ ሰደቃ ሲሰጥ ሳይቀር ለቲክቶክ ትቀርጻላችሁ። ልጁ ካሜራውን ይይ ወይስ ተቀባዩን?

ሽልማት አልቃወምም። እስከ ዛሬ የምቀራበት ቁርአን በልጅነቴ የተሸለምኩት ነው። ስለዚህ ታብሌቱ ይቅርና ቁርአን ግዛ። ውድድሩ ላይ ለማይወጡት ደግሞ ውሃውን፣ የጫማውን መደርደሪያ፣ ለታመሙ ጎረቤቶች ኢፍጣር ማድረሱን ስጣቸው። መጀመሪያ ላይ ይደፋሉ፣ ይሰብራሉ። ሥራውን አትቀማቸው። የሰሃኑን ዋጋ እኔ እችላለሁ።